የበረካው አልጋ

የሰዒዳ አልጋ በኮምቦልቻ ዳር፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ከቀበሌው ሊቀ መንበር የበለጠ ይታወቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ በምርጫ ሰሞን ብቻ ስለሚታይ መልኩን የዘነጋ ሰው አይጠፋም። አልጋውን ያላየች ነፍሰ ጡር ግን አልነበረችም።

ለዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። እግሩ ወይራ፣ ጠፍሩ የበሬ ቆዳ፣ አንድ ጎኑ ወደ ግድግዳው ዘንበል ያለ አሮጌ የጠፍር አልጋ ነው። ዝናው የመጣው በልጇ በአሚር ነው። አሚር ሲወለድ እንደማንም ልጅ ነበር፤ እንዲያውም አነስ ብሎ "ይኸስ ያድጋል?" ተብሎ ታምቷል። ዓመት ሳይሞላው ግን አንገቱ ጠፋ። ክርኑ ተሰረጎደ፤ ጉልበቱ ተሰረጎደ፤ ጉንጩ ዓይኑን ሊዘጋው ደረሰ። ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ሲንጠለጠል ነርሷ አጨበጨበች፤ ዘወር ብላም ሌሎቹን እናቶች "አያችሁ? ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው!" ብላ ገሠጸቻቸው።

ሌላ አገር ቢሆን ወፍራም ሕፃን ወፍራም ሕፃን ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በወሎ ግን የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየ ሰው ገና ሞቶ አላለቀም። ልጁ በክንዱ ላይ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለች የሄደችበት ሰው በየቤቱ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሕፃን ሲያቅፍ ከመልኩ በፊት ክብደቱን ነው የሚያየው። ስለዚህ አሚር የሰዒዳ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሽማግሌዎች ከመስጊድ ሲመለሱ ተቀባብለው ያቅፉታል፤ ክንዳቸው ሲዝል ደስ ይላቸዋል።

የበረካውን ምንጭ ያገኙት እትዬ ፋጡማ ናቸው። እትዬ ፋጡማ የሰፈሩ የዱበርቲ አውራ ናቸው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ወሯ ሲገፋ አሮጊቶቹን ሰብስበው፣ ገንፎ አስገንፍተው፣ ዱዓ አድርገው የሚመርቁ እሳቸው ናቸው።

"ሰዒዳ የበላችውን በልተናል" አሉ አንድ ቀን። "የጠጣችውን ጠጥተናል። የተኛችበትን ግን አልተኛንም።"

በዚህ ማስረጃ ላይ ይግባኝ ያለ ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ነፍሰ ጡር የምትመረቀው አልጋው ላይ ተቀምጣ ሆነ። የገንፎው ማሽላም ከሰዒዳ ጎተራ እንዲወጣ ተወሰነ። አንዳንዷማ ባሏን አስፈቅዳ እየመጣች ትሰነብትበት ጀመር።

የሰዒዳ ባል እንድሪስ በዚህ ሁሉ ዝም ብሎ ይኮራል። እንድሪስ የወባ ሠራተኛ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ፓምፕ ተሸክሞ ሐርቡን፣ ደጋንን፣ የቃሉን ቆላ ቤት ለቤት ዲዲቲ ሲረጭ ይከርማል። በዚህ ምክንያት በእሱ ቤት ትኋን አይታወቅም፤ ነቀዝ አይታወቅም። ከሥራ የተረፈውን ዱቄት በወተት ቆርቆሮ ያመጣል፤ ሰዒዳ በጠፍሩ መሀል፣ በፍራሹ ሥር፣ በጎተራው አፍ ትነሰንሰዋለች። አሚርን ባረገዘችበት ዓመት ወባው ብርቱ፣ ዱቄቱም ብዙ ነበር፤ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ቀሚሷን እንደ ወፍጮ ቤት ሴት ታራግፍ ነበር።

አሚር አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው በረካው አላቆም አለ።

ትምህርት ቤት "ሲኖትራክ" አሉት። ያን ሰሞን የቻይናው መኪና መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ስሙ ትኩስ ነው። ሲሮጥ "ሲኖትራክ ዳገት ያዘው!" ይሉታል። ሲቀመጥ "ፍሬን በጥሷል፣ ሽሹ!" ይባባላሉ። የሚበላው ከእኩዮቹ አይበልጥም፤ ሰዒዳ ይህን ታውቃለች፣ የምትቆርሰው እሷ ናት። እንድሪስ "ጎረቤት እየዞረ ይበላ ይሆናል" ይላል። ጎረቤት "እናቱ ደብቃ ታጎርሰዋለች" ይላል። ልጁ ሁለቱንም ይሰማል፤ ሰው ፊት መብላት ተወ። ይህም አላከሳውም።

ቀጥሎ ማጅራቱ ጠቆረ። ሰዒዳ እድፍ መስሏት በሳሙናና በድንጋይ ፈተገችው፤ ቆዳው ቆሰለ እንጂ ጥቁረቱ አልለቀቀም። ቀጥሎ ውሃ ላይ ወደቀ። እንስራውን ብቻውን ያጋምስና ማታውን ወደ ጓሮ ሲመላለስ ያነጋል። "ዓይን ነው" አሉ ሴቶቹ፤ "እንዲህ ያለ ልጅ ሳይሸፈን ሲዞር ምን ይጠበቃል?" በመጨረሻ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ተዘረረ። ተሸክመው ያመጡት መምህራን አራት ሆነው ነበር፤ ሲደርሱ እነሱም ተኝተው መታከም የሚያስፈልጋቸው ይመስሉ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤት ውስጥ ሌላ ጉዳይ አለ። ታላቋ ልጅ ረውዳ ከደጋን፣ ከባሏ ቤት፣ ሆዷን ይዛ መጥታለች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ወልዳ ሳይውል ሳያድር ቀብራዋለች፤ የአሁኑን በእናቷ ቤት፣ በዚያ አልጋ ላይ ካልሆነ አልወልድም ብላለች። ረውዳ የተወለደችው እንድሪስ የወባ ሥራ ሳይገባ በፊት ነው፤ ቀጭን ናት፣ እንደ እናቷ። ሰዒዳ ልጇን ትኋን እንዳይነካት ብላ ቆርቆሮውን አወጣች። ዲዲቲ ቀርቷል፣ ሌላ መድኃኒት መጥቷል ከተባለ ወዲህ እንድሪስ የቀረችውን እንደ ማር ነበር የሚቆጥባት። ሰዒዳ አልቆጠበችም። ጠፍሩ ነጭ እስኪለብስ ነሰነሰችው፤ ጎተራውንም ደገመችው። ረውዳ ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል። የምርቃቷ ቀን ሐሙስ ተቆረጠ።

በዚሁ ሐሙስ ማለዳ ሰዒዳ አሚርን ይዛ ደሴ ወጣች።

ሐኪሙ ዶክተር አግማስ ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና ከፊቱ ጋር አልተስማማም። ውጤቱን አየ፣ አሚርን አየ፣ ከዚያ በሰዒዳ ላይ ጀመረ።

"ምንድን ነው የሚያበሉት?"

"እኛ የምንበላውን።"

"እናንተ ምን ትበላላችሁ?"

"የተገኘውን።"

"ለስላሳ ይጠጣል?"

"ለዒድ።"

"ጣፋጭስ?"

"ሸንኮራ አንድ ቀን በልቻለሁ" አለ አሚር፣ መናዘዝ የሚጠበቅበት መስሎት።

ሐኪሙ ሰዒዳን ከሻሿ እስከ ኮንጎ ጫማዋ ቃኛት። ነፋስ የሚወስዳት ሴት ናት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስኳር አለበት። በዚህ ዕድሜ በአዋቂ ዓይነቱ ስኳር የሚያዝ ልጅ ብዙ አላይም። እሱን ሲያረግዙ ታመው ነበር? የወሰዱት መድኃኒት አለ?"

"ኧረ ደህና ነበርሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቴ ንጹሕ ነው። ባለቤቴ የወባ ሠራተኛ ነበር፤ በእኔ ቤት ትኋን እንኳ..."

"ዲዲቲ ነው?"

"አዎ፣ እሱ።"

"የት የት ታደርጉታላችሁ?"

ሰዒዳ መናገር የጀመረችው እንግዳ ቤቷን እንደምታሳይ ሴት ነበር። አልጋው ላይ፣ አለች። ፍራሹ ሥር። ማሽላው ላይ ትንሽ። የሐኪሙ ፊት ሲለወጥ ድምጿ አብሮ እየወረደ ሄደ፤ ማሽላው ላይ ስትደርስ ለራሷም አልተሰማትም።

"ይህ ነው ያመጣው ብዬ አልምልም" አለ ሐኪሙ። "የአንድን ልጅ ምክንያት ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለኝም። ጥናቶች ግን አሉ። እናት በእርግዝናዋ እንዲህ ያለ ኬሚካል ሲገባባት ለጽንሱም ይደርሳል። ሰውነቱ ምግብን እንዴት እንደሚጠቀም፣ ስብን የት እንደሚያስቀምጥ የሚማረው ያኔ ነው። ትምህርቱ ከተበላሸ..."

"ከተበላሸስ?"

"ትንሽም ቢያገኝ የሚያከማች ይሆናል፤ ነገ ረሃብ እንደሚገባ እንደተነገረው ሰው። ልጁ ሆዳም አይደለም።"

አሚር ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሰማ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማም።

"ዱቄቱ አሁንም ቤት አለ?"

"አልቋል" አለች ሰዒዳ። የመንግሥት ዕቃ ነው፤ እንድሪስ ይጠየቅበታል።

"ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች?"

"የለችም።" አንዴ የዋሸ አፍ ሁለተኛውን ሳያስፈቅዳት አወጣው።

"ጥሩ። ብትኖር ኖሮ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ትውጣ እል ነበር። ያለፈውን አንመልሰውም፤ የቀሩት ወራት ግን የልጁ ናቸው።"

ኪኒኑን ተቀብላ ወጣች። ለአሚር ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ልባሽ ተራ የአዋቂ ሱሪ ልትገዛለት ቃል ገብታለት ነበር፤ የለበሰው በመቀመጫው ተቀዷል። በገበያው መሀል ሰው እየገፋች ስታልፍ "ሱሪውስ?" አላት። "ሌላ ቀን" አለችው ሳትዞር። ልጁ ከኋላዋ ኩስ ኩስ እያለ፣ ቅዳዱን በእጁ ሸፍኖ ተከተላት። አንድ ሱቅ ገብታ ስልክ አስደወለች።

"አቤት" አለ እንድሪስ።

"የረውዳ አባት፣ ረውዳን ከአልጋው አስነሳት።"

"ምን ሆነች?"

"አስነሳት ብቻ። ከጎተራውም እንዳትቀዱ።"

"ሴቶቹ እኮ መጥተዋል። ማሽላውም ትናንት ተፈጭቷል። አሚርን ምን አሉት?"

"ስኳር።"

"ስኳር?" አለ እንድሪስ። "እኛ ቤት?"

"ዱቄቱ ሳይሆን አይቀርም ይላል ሐኪሙ።"

"የምን ዱቄት?"

"ያንተ።"

ስልኩ ተቋረጠ። ያቋረጠው ኔትወርክ ይሁን እንድሪስ፣ ሰዒዳ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሚኒባሱ ላይ ወያላው አሚርን አይቶ ራሱን ያዘ። "እናት፣ ይኸ እኮ ሁለት ሰው ነው!"

"ተወው፣ ቁልቁለት ነው" አለ ጋቢና የተቀመጠ ሰውዬ፤ "ነዳጅ ይቆጥብልሃል።" ሰው ሁሉ ሳቀ። አሚርም አብሮ ሳቀ፤ ለምዶታል። ጠመዝማዛውን ሲወርዱ ወደ እናቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ "ሆዳም አይደለም አለ፣ ሰምተሻል አይደል?" አላት። "ሰምቻለሁ" አለችው። እሷ የምታስበው ገንፎውን ነበር።

ሲደርሱ ቤቱ ሞልቷል። ረውዳ አልጋው ላይ እግሯን አንከርፍፋ ተቀምጣለች፤ እጇ ሒና ተቀብቷል፤ ገንፎው በገበታ ቀርቦ ቅቤው መሀል ለመሀል ቀልጧል። አሚር በበሩ ጎን ለጎን ሆኖ ሲገባ እልልታው ቀለጠ።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ! በሰዓቱ መጣ!"

እትዬ ፋጡማ ክንዱን ይዘው ወደ አልጋው ሳቡትና የረውዳን መዳፍ ጡንቻው ላይ ጫኑት። ደም የተቀዳበት ጥጥ ገና እንደተለጠፈ ነበር።

"እንዲህ ያለውን ይስጥሽ!"

"አሚን!"

"ተነሺ ከዚያ" አለች ሰዒዳ። "ገንፎውንም አትቅመሺው።"

ወደ ገበታው የተዘረጉ እጆች ተመለሱ።

"ምን ነካሽ ልጄ?" አሉ እትዬ ፋጡማ። "ዱዓ ላይ እኮ ነን።"

"አልጋው መርዝ አለበት እትዬ። ማሽላውም አለበት። ዲዲቲው ነው። ልጄ ያበጠው በረካ ሆኖ አይደለም፤ በሽታ ነው።"

"ስኳር ነው ያለብኝ" አለ አሚር፣ እናቱን ለማገዝ።

"ስኳርማ የሀብታም በሽታ ነው" አለች አንዷ። "እሱንም አልነፈገህም!"

ኡሙሰልማ የምትባል ጎረቤት አልሳቀችም። ባለፈው ዓመት አልጋው ላይ ሰንብታ የወለደቻት ሕፃን ጭኗ ላይ ናት። ብብቷን ይዛ ወደ ሰዒዳ ከፍ አደረገቻት፤ ልጅቷ ከባድ ናት።

"የኔዋስ?" አለች። "እቺም በሽታ ናት?"

ሰዒዳ የሕፃኗን ክርን አየች። ተሰርጉዷል። ዓይኗን ነቅላ ወደ ረውዳ ዞረች።

ያን ጊዜ እንድሪስ ከበሩ ተነሳ። "ዱቄቱን የሰጠኝ መንግሥት ነው። መንግሥት መርዝ ያድላል?"

በዚያ ዘመን ለዚህ ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚመልስ ሰው ጥቂት ነበር፤ በዚያ ላይ ጎረቤት የተናገረውን ለቀበሌ የምታደርሰው የአንድ ለአምስቷ መሪ ከገንፎው አጠገብ ተቀምጣለች። ሴትየዋ ጣሪያውን አየች።

"በዚህ ትከሻዬ ስንቱን ሰው ከወባ አተረፍሁ!" አለ እንድሪስ።

"አተረፍህ። ማን ካደህ?" አለች ሰዒዳ። "ግድግዳ ላይ እርጭ አሉህ እንጂ አልጋ ላይ ነስንስ አላሉህም። የነሰነስሁትም እኔ ነኝ። ረውዳ፣ ተነሺ!"

ረውዳ ጠፍሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። "እማዬ፣ ያ ልጄ መዳፌን አይሞላም ነበር። አንድ ወፍራም ልጅ ብቻ ነው የምፈልገው። ምን አለበት?"

ሰዒዳ ገበታውን አነሳችና ገንፎውን ከነቅቤው ደጅ ደፋችው፤ ውሻ እንዳይልሰው አፈር መለሰችበት። ተመልሳ ረውዳን በብብቷ ገብታ አነሳቻት። ከዚያ ከሲታዋ ሴትዮ ያን የወይራ አልጋ ብቻዋን እየጎተተች ከቤት ስታወጣ የረዳት ሰው አልነበረም፤ አሚር ሊያግዛት ሞክሮ ትንፋሽ አጠረው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በመጥረቢያ ፈለጠችው።

እትዬ ፋጡማ ጫማቸውን እያጠለቁ "በረካዋን ለሰው ላለማካፈል ነው" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የታዘቡትን ነው የተናገሩት። ሴቶቹ ተከትለዋቸው ወጡ። ኡሙሰልማ መጨረሻ ወጣች፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሰዒዳን ሳታይ።

ቆርቆሮው ቀረ። ሰዒዳ ይዛው ጓሮ ለጓሮ ዞረች። ወንዝ እንዳትጥለው ከብት ይጠጣል፤ እንዳታቃጥለው ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው፤ ዶሮ እንዳይጭረው ድንጋይ ጫነችበት። በነጋታው ፍልጡን አብራ ልትቀብር ስትወጣ ግቢው ተጠርጓል። የወይራ እግር የለም፤ ጠፍር የለም፤ ፍቅፋቂ እንኳ አልቀረም። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ ምራት፣ ሆዷ የገፋው፣ ከአልጋው እግር አንዱን በሯ ላይ አቁማ በጨርቅ ስትወለውለው አየቻት። ልጅቷ አቀርቅራ "አላህ ይስጥልን እትዬ" አለቻት። የታደላት መስሏታል።

ረውዳ ወደ ደጋን፣ ወደ ባሏ ቤት እንድትመለስ ሰዒዳ ቆረጠች። ረውዳ አልተከራከረችም። ይህ ሰዒዳን ሊያሳስባት በተገባ ነበር፤ ከድካሟ የተነሳ ደስ አላት።

መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ረዳቱ "ደጋን! ደጋን!" ይላል። ሰዒዳ ልትሰናበታት አቀፈቻት፤ እጇ ወገቧ ላይ ሲያርፍ ከመቀነቱ ሥር ጠጣር ነገር ነካ።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"ምንም።"

መቀነቷን ፈታችው። ከሥሩ፣ በሆዷ ዙሪያ፣ ጠፍር ታስሯል። ድርብ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮውን ታውቀዋለች፤ እንድሪስ በሥራው ዘመን ጠዋት ጠዋት የፓምፑን ማንገቻ በዚህ አኳኋን ነበር የሚያስረው።

"አባትሽ ነው?"

"እሱ ነው ያሰረልኝ" አለች ረውዳ። አለቀሰች። "'እኔ ሰው ላይ መርዝ አላመጣሁም፤ እሰሪውና ይታይ' አለኝ። ተይኝ እማዬ።"

ሰዒዳ በጣቷ ሞከረች። ቆዳው ደርቆ ተጣብቋል። ቢላ የላትም። ተንበረከከችና ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘችው። በመስኮቱ ሰው ተጋፍቶ ያያል።

"እናት፣ ልጅቷን ልትበያት ነው እንዴ? መሄዳችን ነው!" አለ ረዳቱ። አውቶቡሱ ሳቀ።

ሰዒዳ አልለቀቀችም። ያ የርጭት ሰሞን ሽታ፣ የንጹሕ ቤት ሽታ፣ አፍንጫዋን ሞላው። ስትጎትት፣ ስትፈትል፣ ቋጠሮው በመጨረሻ ላላ። ረውዳ መቀነቷን በእጇ እንደያዘች ተሳፈረች፤ በመስኮት አልታየችም። አውቶቡሱ ወጣ።

ሰዒዳ ጠፍሩን ይዛ መናኸሪያው መሀል ቆመች። የምትጥልበት ቦታ ስትፈልግ አንዲት ቆሎ ሻጭ ልጅ መሶቧን አስቀምጣ ተነሳች። ሆዷ ገና መታየቱ ነው።

"እትዬ ሰዒዳ አይደሉ? ያ የአልጋው ጠፍር ነው?"

"አይደለም።"

"ነው እንጂ። እትዬ ፋጡማ ነግረውናል።" ልጅቷ መዳፏን ዘረጋች። "ለኔ ጫፏን ብቻ። ሙሉውን አላልሁም።"

ሰዒዳ ጠፍሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ልጅቷ ተከተለቻት።